ከመቶ ሰባት ሲቀነስ

እማማ ቁጥር ከመሰላል የወደቁት ከሁለተኛው እርከን ላይ ነው። ከፍታው ከአንድ ወንበር አይበልጥም፤ እሳቸውም ይህንን ለጠየቃቸው ሁሉ ሳይሰለቹ ያስረዱ ነበር። ነገር ግን የሆስፒታል ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ያድጋል። ከካርድ ክፍል ተነስቶ ላቦራቶሪ ሲደርስ ሁለተኛው እርከን አምስተኛ ሆነ፤ ማዋለጃ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሴትዮዋ ከጣሪያ ወድቀው ነበር።

ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራቱን በዚያ ካርድ ክፍል አሳልፈዋል። ጡረታ ወጥተው ቤት የተቀመጡት ለሁለት ወር ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ወሮች የክፍሉ ሰዎች አንድ ካርድ ሲፈልጉ ግማሽ ቀን እየፈጁ፣ በሽተኛው መስኮቱን ሲደበድብ፣ ሐኪሙ ሲጮህ፣ በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ቤታቸው ድረስ መጥቶ በኮንትራት መለሳቸው። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። ሰባት ረድፍ የብረት መደርደሪያ እስከ ጣሪያው ቆሟል፤ በየመደርደሪያው ቡናማ የካርቶን ማኅደሮች ጎን ለጎን ተጠቅጥቀዋል፤ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ቁጥር አለ። በሽተኛ በመስኮቱ ቁጥሩን ይሰጣል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ይጣራል፣ እማማ ቁጥር ይወጣሉ። ቁጥሩን ጽፈው አያውቁም። አንዴ ከሰሙ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው፣ አፋቸው ውስጥ እንዳይፈስ የያዙት ነገር ያለ ይመስል፣ ወደ ረድፉ ቀጥ ይላሉ። የመዝገብ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው እየሳሳ መጥቶ "እማማ ቁጥር" ብቻ ቀሩ።

መስኮቱ ላይ የሚሠራውን ጎልማሳ ደግሞ ማይክራፎን ይሉታል። አንድ ሰው ሲጠራ ሦስት ሰው ይነሳል። ዝም ያለበትን ደቂቃ ያየ የለም፤ ሲበላም ያወራል፣ ሲያስነጥስም ጀምሮት የነበረውን ወሬ አይጥልም።

የወደቁበት ቀን ጠዋት እማማ ቁጥር በጭንቅላታቸው የያዙት አርባ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ስድስትን ነበር። ሁለተኛው እርከን ላይ ደርሰው ቀኝ እግራቸውን ሲያነሱ ማይክራፎን የስቴፕለሩ ሽቦ የት እንዳለ ጠየቃቸው። "ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ" ሊሉት ነበር። "ሁለተኛው" የሚለው ወጣ፤ "መሳቢያ" የሚለው ሳይወጣ እግራቸው እርከኑን ፈልጎ አጣው። የእጃቸው አንጓ ዞረ፣ ዳሌያቸው በለዘ። ማይክራፎን ሊያነሳቸው ሲያጎነብስ ወለሉ ላይ እንደተዘረጉ "አርባ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ስድስት፣ አራተኛው ረድፍ፣ ሰውየውን አታቁመው" አሉት። ማይክራፎን ይህንን ለሆስፒታሉ በሙሉ አዳረሰው። ሁሉም ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቀም።

ክፉ ሰው አይደለም ኃላፊው፤ ፈሪ ነው። ኮንትራታቸው ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ እንዲታደስ ከፊዚዮቴራፒ ክፍል መሰላል ላይ መሥራት ይችላሉ የሚል ወረቀት ያምጡ፣ እስከዚያው መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለው ቀጠሮ ይጻፉ አላቸው። ለእማማ ቁጥር መስኮቱ ጋ መቀመጥ በገዛ ቤታቸው እንግዳ መሆን ነበር። በእሳቸው ቦታ የተመደበች ልጅ የማታውቀውን ካርድ ፍለጋ መሰላሉን በአምስተኛው ረድፍ ስትጎትት እየሰሙ፣ ካርዱ ሦስተኛው ላይ እንዳለ እያወቁ፣ ቀን ይጽፋሉ።

ልጃቸው ግን እሰይ አለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራው እናትና ልጅ በሚኖሩበት ቤት፣ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ነው። ስፌት መኪናዋ አጠገብ ለእናቷ የሚመች ወንበር አስቀምጣ ከጡረታው ጊዜ ጀምሮ ማንንም አላስቀመጠችበትም። ወረቀቱን አልሰጥም ቢሉሽ ጥሩ ነው፣ ይበቃሻል፣ ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ አለቻቸው። እማማ ቁጥር ወንበሩን አልፈው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ምድር ቤት፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ትልቅ መስታወት፣ ሁለት የእንጨት መደገፊያዎች፣ የጎማ ኳሶች፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ስፖንጅ አለ። ባለሙያዋ ወጣት ናት። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው የሩጫ ሰዓት ስላለ እማማ ቁጥር ገና በመጀመሪያው ቀን ባለሰዓቷ አሏት። ስፖንጁ ላይ አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝን ከጣት አጋጥመው እንዲቆሙ አደረገቻቸው። ሠላሳ ሰከንድ ቆሙ። ንቅንቅ አላሉም። "ወረቀቱን ጻፊዋ" አሏት።

አልጻፈችም። አሁን ደግሞ እንደዚያው ቆመው ከመቶ ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ አለቻቸው። ሃያ ሰከንድ መቆየት ነበረባቸው። ዘጠና ሦስት አሉ። ሰማንያ ስድስት አሉ። ሰባ ዘጠኝን ሲፈልጉ ቁርጭምጭሚታቸው ሌላ ሰው የሚያናውጠው ይመስል መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰባ ሁለት ሲሉ ሁለት እጃቸው መደገፊያው ላይ ነበር። ሰዓቱ ዘጠኝ ሰከንድ ይላል።

ባለሰዓቷ አስቀምጣ አስረዳቻቸው። መቆም ራሱ ሥራ ነው አለች። በወጣትነት እግር ያንን ሥራ ለብቻው ይጨርሰዋል፣ ጭንቅላት አይጠየቅም። ዕድሜ ሲገፋ የእግር መዳፍ ወለሉን የሚያውቅበት ስሜት ይደክማል፤ ዓይንም፣ ሚዛን የሚጠብቀው የጆሮ ውስጠኛ ክፍልም ይዘገያሉ። ያኔ ጭንቅላት፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ለመቆምም ማሰብ ይጀምራል። በዚያ ሰዓት ሌላ የሚታሰብ ነገር ሲመጣ ከሁለቱ አንዱ ተራ ይጠብቃል። ተራ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ እግር ነው።

እማማ ቁጥር ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሆኖም ልባቸው አልተቀበለውም።

"ማይክራፎን ቀኑን ሙሉ እያወራ ይሄዳል" አሏት። "ወድቆ አያውቅም።"

"እሱ ገና ጎልማሳ ነው፣ እማማ።"

"ደግሞም ሲያወራ አያስብም።"

ባለሰዓቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። ለሦስት ሳምንት የሚሠሩትን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው፤ የእቃ ማጠቢያውን ተደግፎ በአንድ እግር መቆምና የአትክልት ስም መጥራት፣ በብርጭቆ ውሃ ይዞ እየሄዱ የትናንቱን ውሎ መተረክ፣ ይህንንና ይህንን የመሰለ። እማማ ቁጥር መንገድ ላይ አነበቡትና የሕፃን ጨዋታ ነው ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

የእሳቸው ሐሳብ ሌላ ነበር። እግሬማ ሠላሳ ሰከንድ ቆሟል አሉ በልባቸው፤ የደከመው ቁጥሩ ነው። ቁጥር ደግሞ የሚታከምበትን መንገድ ማንም ሊያስተምራቸው አይችልም። ከመቶ ሰባት ሰባት ሲቀነስ እስከ ሁለት ድረስ አሥራ አራት ቁጥር ነው። ስድሳ ሺህ ካርድ የት የት እንደተቀመጠ ለሚያውቅ ሰው አሥራ አራት ቁጥር ምኑ ነው? የካርድ ቁጥር በሚይዙበት መንገድ ያዙት፤ አንዱን ከአንዱ አጎራብተው፣ ሠላሳ ሰባት ከአርባ አራት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት እስኪሆን ድረስ። ሰሃን ሲያጥቡ አሉት፣ አልጋ ሲያነጥፉ አሉት። ልጃቸው ፊት ለፊት ካለው ክፍል ሆና ሰምታ ይህ ደግሞ የማን ስልክ ነው አለቻቸው። የራሴ ነው አሏት።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ስፖንጁ ላይ ቆመው "ዘጠና ሦስት" ካሉ በኋላ ለማቆም ተቸገሩ። ቁጥሮቹ ተያይዘው ወጡ። ቁርጭምጭሚታቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ሁለት ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ ገና አላበቃም ነበርና ባለሰዓቷን ዝም ብለው አዩዋት። ልጅቷ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ወረቀቱን ሞላች፣ ማኅተም አስመታች፣ ቁፍጥን ያሉ እናት ነዎት አለቻቸው። እማማ ቁጥር አመስግነው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ አንድም ጊዜ አልቀነሱም። ከመቶ ላይ ሰባትን ማን እንዳነሳ አያውቁም፤ እሳቸው ግን አይደሉም። ነገሩን በሆዳቸው ይዘው ወረቀቱን ለኃላፊው አደረሱ።

ሦስት ቀን ደህና ሠሩ። በአራተኛው ቀን ሃያ ስምንት ሺህ አምስት መቶ አሥራ አራትን ይዘው ሦስተኛው እርከን ላይ ሳሉ ማይክራፎን ከመስኮቱ ሃያ ስምንት ነው ወይስ ሠላሳ ስምንት፣ ሴትዮዋ ሠላሳ ስምንት ነው ትላለች ብሎ ጮኸ። ሃያ ስምንት እንደሆነ ያውቃሉ። ይህንኑ ሊነግሩት አፋቸውን ሲከፍቱ ያ የስፖንጁ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ጉልበታቸው ደረሰ። የመደርደሪያውን ብረት በክንዳቸው አቀፉት። ማኅደሮች በደረታቸው ተገፍተው አንድ በአንድ፣ ከዚያም በጅምላ ወለሉ ላይ ወረዱ።

ማይክራፎን እየሳቀ ሊለቅም መጣ። ካርድ ዘነበ፣ ጃንጥላ አምጡ አለ። ጣቶቻቸው ብረቱ ላይ እንዴት እንደነጡ አላየም። እማማ ቁጥር ቀስ ብለው ወርደው ታችኛው እርከን ላይ ተቀመጡ።

ያየ የለም። ወረቀቱ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም። ግን የዳሌ ስብራት ካርድ እንዴት እንደሚወፍር በዚያ ሆስፒታል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በመጀመሪያው ወር የጣት ያህል ይሆናል፣ ቀጥሎ በላስቲክ ይታሰራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ወደ ኋለኛው ረድፍ ይዛወራል። የኋለኛው ረድፍ ማንም የማይጠራቸው ካርዶች የሚቀመጡበት ነው። በገዛ እጃቸው ስንቱን ወስደው እዚያ እንዳስቀመጡ ቆጥረው አያውቁም፤ በዚያች ደቂቃ ግን የራሳቸው ካርድ የት እንዳለ አሰቡ። ሁለተኛው ረድፍ፣ ከታች ሦስተኛው። ገና ቀጭን ነው።

የምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቁም። መሰላሉን ግድግዳ አስደግፈው ወደ ምድር ቤት ወረዱ።

ባለሰዓቷ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት እያሸች ነበር። ሽማግሌው እስኪወጡ ቆሙ፤ ከዚያ በሩን ዘጉ።

"እኔ ያንን ፈተና አላለፍኩትም" አሏት። "በቃሌ ይዤው ነው።"

መጀመሪያ አልገባትም። ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከዘጠና ሦስት እስከ ሁለት ትንፋሽ ሳይወስዱ ወረዱላት። ከዚያ ከሁለት ወደ ላይ መለሱላት። ባለሰዓቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጥፋቱ የእኔ ነው አለች፣ ቁጥሩን መቀየር ነበረብኝ፣ ለሁሉም ሰው ከመቶ ነው የማስጀምረው፤ እስከ ዛሬ አጥንቶ የመጣብኝ ሰው የለም። ፊቷ ቀልቷል። እማማ ቁጥር ጥፋት ለመካፈል አልመጣሁም አሏት። የቀረኝ አምስት ሳምንት ነው፤ እንደገና አስጀምሪኝ፣ በዚህ ጊዜ የምትሰጪኝን እሠራለሁ።

የወረቀቱን ነገር ለኃላፊው ራሳቸው ነገሩት፤ ሰርዘው፣ ስመለስ ሌላ አመጣልሃለሁ አሉት። ኃላፊው በሥራ ዘመኔ ያገኘውን ወረቀት የሚመልስ ሰው አላየሁም ብሎ የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። እሳቸው ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

የሕፃን ጨዋታ ያሉት ጨዋታ ከመሳቢያው ወጣ። ሕፃንነቱ በመጀመሪያው ጠዋት አበቃ። በአንድ እግር ቆመው አምስት የአትክልት ስም ጠርተው ስድስተኛው ላይ ማጠቢያውን ጨበጡ። ውሃ ይዘው እየሄዱ የትናንቱን ሲተርኩ ትረካው በገፋ ቁጥር ብርጭቆው እየፈሰሰ ጎደለ። ባለሰዓቷ ኮሪደሩ ላይ ባለው ቀጭን መስመር እያስኬደች በየቀኑ ያላሰቡትን ትጠይቃቸዋለች፤ ወራትን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ቤታቸው ውስጥ ያሉ በሮችን ብዛት፣ በመጨረሻ ያለቀሱበትን ቀን። የሚያልፉ ነርሶች ይህች ልጅ የፖሊስ ምርመራ ነው የያዘችው ይሉ ነበር። እማማ ቁጥር አይሰሟቸውም። ሲደክሙ ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ "በይ" ይሏታል።

ልጃቸው ለአንድ ሳምንት የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየች። በስምንተኛው ቀን ማታ፣ ሥራ አቁማ፣ ከንፈሯ ውስጥ ሦስት ስፒል እንደነከሰች ወደ ማጠቢያው መጥታ ልጠይቅሽ አለች። ጎረቤቶችን ከላይኛው ፎቅ ወደ ታች ጥሪልኝ አለቻቸው፤ ጠሩ። ሰፍቼ የሰጠሁሽን ቀሚሶች ከአሁኑ ወደ ድሮው ቁጠሪልኝ አለቻቸው፤ ቡናማው ላይ ትንሽ ተናወጡ እንጂ ጨረሱት። ከዚያ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች።

"ለምንድን ነው ከእኔ ጋር መቀመጥ የማትፈልጊው፣ እማዬ?"

የእማማ ቁጥር ግራ እግር ወረደ። ሁለቱንም ወለሉ ላይ አደላደሉ።

"ይሄንን በአንድ እግር አልመልስልሽም።"

እጃቸውን በጨርቅ አደራርቀው ወንበር ሳቡ። በዚህ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ቀድመሽ ታነሺዋለሽ አሏት። ጠላት ስለሆንሽ አይደለም፤ አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው። እዚያ ደግሞ ሰው ተቸግሮ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ የቸገረውን አውቃለሁ።

"እዚያ የምፈለገው ቆሜ ነው። እዚህ የምትፈልጊኝ ተቀምጬ ነው።"

ልጃቸው ስፒሎቹን አንድ በአንድ የእጅጌዋ ጠርዝ ላይ ሰካች፣ ሄደችና የስፌት መኪናዋን መብራት አጠፋች። በማግስቱ ግን ከሥራ ሲመለሱ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አዲስ ስፖንጅ ጠበቃቸው። ለሶፋ ትራስ ከሚሞላው ነው የቆረጠችው፤ እንዳያንሸራትት ታችኛውን ሻካራ ጨርቅ አልብሳ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሰፍታዋለች። ያንቺ ባለሰዓት የምታቆምሽ ስፖንጅ ሳይሳሳ አይቀርም፣ የእኔ ይብስ ያናውጣል አለቻቸው። እውነትም ይብስ ነበር።

እማማ ቁጥር ያንን የወጥ ቤት ማታ ለባለሰዓቷ ነገሯት። ጥያቄውን ሳይሆን እግራቸው መውረዱን። ባለሰዓቷ ሰዓቷን አቁማ በደንብ አዳመጠች። ግማሹ ሕክምና እሱ ነው አለች፤ እግርን ማጠንከር አንድ ነገር ነው፣ የትኛው ሁለት ሥራ አብሮ እንደማይሠራ ማወቅ ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለጠየቀው ሁሉ ቶሎ መመለስ ስለለመደ ነው። እማማ ቁጥር ሠላሳ አራት ዓመት ቶሎ ሲመልሱ እንደኖሩ አሰቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮሪደሩ መስመር ላይ ሲጠየቁ አንዳንዴ ቆም ይላሉ፣ ሁለት እግራቸውን ያጋጥማሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይቀጥላሉ። ሲጀምሩ እንደ ሽንፈት ቆጥረውት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንደ ሥራ ቆጠሩት።

ኮንትራቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ስፖንጁ ላይ ወጡ። ባለሰዓቷ በዚህ ጊዜ ቁጥር ጽፋ ያጣጠፈቻቸውን ወረቀቶች በሳጥን አቀረበች፤ ዓይኗን ጨፍና አንዱን አነሳች። ከመቶ አርባ ሦስት፣ ስድስት ስድስት። አብረው እንደሚተነፍሱ ሰዎች ሁለቱም አየር ሳቡ። መቶ ሠላሳ ሰባት። መቶ ሠላሳ አንድ። እያንዳንዱ ቁጥር ከሩቅ መደርደሪያ እንደሚመጣ ዘግይቶ መጣ። መቶ ሃያ አምስት። ቁርጭምጭሚታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቁጥሩን አዘገዩትና እግራቸውን ጠበቁት፤ ተረጋጋ። መቶ አሥራ ዘጠኝ። መቶ አሥራ ሦስት። ከዚያ የሚቀጥለው አልመጣ አለ፤ ሊፈልጉት ሲሄዱ መደገፊያው እጃቸው ውስጥ ነበር።

አሥራ ሰባት ሰከንድ።

ባለሰዓቷ ሰዓቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጣቴ ዘግይቶ ነው የጫነው ማለት እችላለሁ አለች፣ ሦስት ሰከንድ ናት፣ ከዘጠኝ ተነስተው እዚህ ደርሰዋል።

"ሰዓትሽ ቢዋሽልኝ መሰላሉ አይዋሽልኝም" አሏት። "ያየሽውን ጻፊ።"

ያየችውን ጻፈች፤ ሙሉ ገጽ ሆነ። ሠራተኛዋ መሰላል ላይ መሥራት ይችላሉ፣ ከሦስተኛው እርከን ሳያልፉ። የሚፈልጉት ቁጥር ተጽፎ አንገታቸው ላይ ይንጠልጠል፣ በጭንቅላታቸው አይያዝ። እግራቸው መሰላሉ ላይ እስካለ ድረስ ማንም አያናግራቸው፣ እሳቸውም ማንንም አያናግሩ። ከሁሉም የከበዳቸው መካከለኛው ነበር። ቁጥር አንገት ላይ ማንጠልጠል! ነገር ግን ገመዱን ያን ምሽት ልጃቸውን ራሳቸው አስሰፉ።

ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ይህ የጤና ወረቀት ነው ወይስ የቤተ መጻሕፍት ደንብ አላቸው። ይህንን የመሰለ ወረቀት የሚገባበት ፋይል የለንም አለ። ከላይ ላሉት ካርዶች ሌላ ሠራተኛ ሊመድብ ይችላል፣ ገመዱም ምንም አይደል፤ ግን ማይክራፎን ዝም ይላል ብለው ያምናሉ? እማማ ቁጥር አምናለሁ አላሉትም። ና እና እይ አሉት።

መጣ። በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሰዓቱ ረፋድ ነበር፤ መስኮቱ ፊት ያለው ሰልፍ እስከ አግዳሚው ወንበር ደርሷል። ማይክራፎን ቁጥሩን ጽፎ ሰጣቸው፣ እሳቸው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወጡ። ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርሱ ከድንገተኛ ክፍል አንዲት ነርስ እየሮጠች መጣች፤ ሌላ ካርድ ትፈልጋለች፣ ከዚያው ረድፍ፣ ምናልባትም ከአጠገቡ። ማይክራፎን አፉን ከፈተ። ደረቱ በአየር ሞላ። የአንገቱ ሥር ሲገተር ኃላፊው አየው። ከዚያ ያንን ሁሉ አየር በአፍንጫው አወጣና እጁን በአፉ ላይ ጫነ፤ በሌላው እጁ ለነርሷ ታገሽ አላት።

ክፍሉ ውስጥ የጣሪያው መብራት ድምፅ ይሰማ ነበር። እማማ ቁጥር አንገታቸው ላይ ያለውን ቁጥር አዩ፣ ማኅደሩን ሳቡ፣ ብብታቸው ሥር ያዙት። የነርሷን የእግር ኮቴ ሰምተዋል። ጥያቄ እንዳለ ያውቃሉ፤ ሠላሳ አራት ዓመት የኖሩበት ልማድ ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ "ስንት ነው ቁጥሩ" ሊል ነበር። አላሉም። ግራውን እግር አወረዱ፣ አረፉ። ቀኙን አወረዱ፣ አረፉ። ሁለቱም ጫማ ወለሉን ሲነካ ዞሩ።

"አሁን በለኝ" አሉት ማይክራፎንን።

ታፍኖ የቆየው ቁጥር ሲወጣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ደነገጡ። እማማ ቁጥር ጻፉት፣ ተመልሰው ወጡ፣ አወረዱት። ነርሷ ነጥቃ ሮጠች። ኃላፊው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ካርዱ ከድሮው በአንድ ደቂቃ ተኩል ዘግይቷል። ደቂቃ ተኩል አለ ለራሱ። ከዚያ በእሳቸው ቦታ ተመድባ የነበረችው ልጅ ለአንድ ካርድ ስንት ደቂቃ እንደምትፈጅ አስቦ ሳይሆን አይቀርም፣ እስክሪብቶውን አወጣ። ለአንድ ዓመት አልፈረመም። ለሦስት ወር ፈረመ፤ በሦስት ወሩ አዲስ ወረቀት ይምጣ አለ።

ማይክራፎን ሦስት ወር ማለት ስድብ ነው ብሎ ለመቆጣት ተነሳ። እማማ ቁጥር ዝም አሰኙት፤ መቼም ዝም ማለት ለምደሃል አሉት። ፈርመው ቅጂውን አጣጥፈው ያዙ።

በማግስቱ ጠዋት፣ መስኮቱ ሳይከፈት በፊት፣ ምድር ቤት ወረዱ። ባለሰዓቷ ገና ጋዋኗን እየቆለፈች ነበር። ፈተናው አልቋል እኮ፣ ዛሬ ለምን መጡ አለቻቸው። አሥራ ሰባት ሃያ አይደለም ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ስፖንጁ ላይ ወጥተው ተረከዛቸውን ከጣታቸው አጋጠሙ።

"እሺ እማማ፣ ከስንት እንጀምር?"

"እሱን እኔን አትጠይቂኝ" አሉና ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው ቁጥሩን ጠበቁ።